ቦርከናን ከመቶ ሜትር መጀመር፦ የሰፈር ወንዝ እንዲያገግም ምን፣ በምን ቅደም ተከተል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ክረምት ሲገባ የተለመደ ነገር አለ። ሰው ይሰበሰባል፣ ችግኝ ይመጣል፣ ወንዝ ዳር ይተከላል። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ይመጣና ግማሹን ይዞት ይሄዳል። የተረፈውን ፍየል ይጨርሰዋል። በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ችግኝ ይተከላል። የሰው ፍላጎትም ጉልበትም አለ። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው።

የታመመ ወንዝ ሲታከም መጀመሪያ የሚታየው ወደ ውሃው የሚገባው ነገር ነው። ቀጥሎ ጎርፉ። ቀጥሎ ዳርቻው። ችግኝ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከታች ያለው በዚሁ ተራ ይሄዳል። ለአንድ ሰፈር፣ ለአንድ ቅሬ ወይም እድር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ክበብ እንዲሆን አስቤ ነው የጻፍኩት። የቦርከናን ወንዝ በሙሉ ማንም ሰፈር አይችለውም። መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ግን ይቻላል።

ውሃው የት እንደሚደርስ እወቁ

ቦርከና ከደሴ በስተሰሜን ካሉት ተራሮች ይነሳል። ከጦሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል የሚወርዱትን ጅረቶች እየሰበሰበ ከተማዋን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሐረጎን በመኪና የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ በፋብሪካዎቹ አካባቢ የሚያልፉት ሌዮሌና ወርቃ ይቀላቀሉታል። ከከተማው ሲወጣ የአትክልት ማሳ ያጠጣል። ከዚያ ከሚሴ አካባቢ ጨፋ ረግረግ ይገባል። ጨፋ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ሣር ነው። ውሃው መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ደሴ ላይ በቱቦ የገባ ፌስታልም ሆነ የተቃጠለ ዘይት ከዚህ ተፋሰስ አይወጣም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ማሳ ወይም የሆነች ላም ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ከፍታችን ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹህ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በዚያው ሙቀት ደሴ ከፍታ ላይ ከ7 በታች ነው። ቆሻሻ ሲገባ ባክቴሪያዎች እሱን ለማፍረስ ይህንኑ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። የእኛ ወንዝ ሲጀመርም ያለው ጥቂት ነው፤ ቶሎ ያልቅበታል።

ቡድን፣ ደብዳቤ፣ ደብተር

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ያለበት ሰፈር ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሰው ይገኛል፣ መዋጮ ይገኛል፣ የሚደመጥ ሽማግሌ ይገኛል። ከሸሁም ከቄሱም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። የከተማውን አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አሳውቁ፤ የወንዝ ዳር መሬት የማን ይዞታ እንደሆነ ሳታጣሩ አንድ ድንጋይ እንዳታነሱ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተማ ግቢ አለው። የባዮሎጂ ወይም የውሃ ምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲፈልግ የእናንተን መቶ ሜትር ስጡት።

አንድ ጠንካራ ደብተር ግዙ። የምታዩት ሁሉ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ እዚያ ይገባል። በኋላ ክርክር ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ደብተሩ ይናገርላችኋል።

በእግር መውረድ

በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ውሃው ሲጠራ፣ የመረጣችሁትን ቦታ ከላይ ወደታች በእግር ውረዱ። ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት አድርጉ። መርፌና ስባሪ ጠርሙስ ይኖራል። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ደግሞ ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው። ደሴ ላይ ብርዱ ያንን ቀንድ አውጣ አይመቸውም፤ ግን ጓንቱና ቦቲው እዚያም ይቅር እንዳትሉ።

በየ10 ሜትሩ እየቆማችሁ ጻፉ። የትኛው ቱቦ ይገባል? ምን ይሸታል? ዳርቻው የት ተንዷል? ከብት የት ይወርዳል? ልብስ የት ይታጠባል? በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከፎቶው ጋር ቦታው እንዲመዘገብ ማድረጋችሁን እዩ። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይዛችሁ ብትወርዱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ እዚህ ጋ ይዋኝ ነበር? ነሐሴ ላይ ውሃው እስከየት ይወጣ ነበር? ምን ምን ዛፍ ነበር?» በሏቸው። ጎርፉ ድሮ የሚደርስበትን ምልክት ከእነሱ በቀር የሚነግራችሁ የለም። በኋላ ምን የት እንደሚተከል የሚወስነውም እሱ ነው።

የውሃውን መጠንም ለኩ። ቀላል ነው። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ምረጡ። ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ልቀቁና ሰዓት ያዙ። ሦስት ጊዜ ለቃችሁ አማካዩን ውሰዱ። ስፋቱንና አማካይ ጥልቀቱን በሜትር ለኩ። ለምሳሌ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.15፣ ሃይላንዱ 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ 0.4 ነው። 2 በ0.15 በ0.4 ስታባዙ 0.12 ይመጣል። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት፤ 0.096 ይሆናል። ይህ በሰከንድ 96 ሊትር ገደማ ነው። ቁጥሩን በጥር ወይም በየካቲት ድገሙት። ውሃው ባነሰ ቁጥር የሚገባበት ቆሻሻ እየከበደው ይሄዳልና አስጊው ወር የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል።

ድንጋይ ገልብጡ

ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው ይህ ነው። ልጆችም ይወዱታል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ወንፊት፣ ነጭ ሳፋ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ማጉያ መነጽር ይበቃል።

ውሃው ጠጠር ላይ እየተንኳኳ በሚፈስበት ቦታ ቁሙ። ወንፊቱን ከታች በኩል አስቀምጡ። ከላይ በኩል ቡጢ የሚያክል ድንጋይ አንሱና ገልብጡት። ሥሩን በብሩሹ ወደ ወንፊቱ ጥረጉ። አሥር ያህል ድንጋይ እንዲህ አድርጉና በወንፊቱ የቀረውን ንጹህ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ገልብጡ። ትንሽ ጠብቁ። መጀመሪያ ቆሻሻና ቅጠል ብቻ ይመስላል። ከዚያ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ጠፍጣፋ ሆኖ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ፣ ጅራቱ ላይ ሦስት ቀጭን ፀጉር ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ላባ የመሰለ ስንጥብ (የውሃ ውስጥ መተንፈሻ) የሚያርገበግብ ነፍሳት ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ከአሸዋ ወይም ከቅጠል ቁርጥራጭ ቤት ሠርቶ ውስጡ የሚኖር ትል መሰል ካያችሁም እንዲሁ። እነዚህ ኦክስጅን ሲያንስ መኖር ይቸገራሉ። በአንጻሩ ቀይ ክር የመሰሉ ትሎች ብቻ ከተርመሰመሱ ውሃው ታፍኗል ማለት ነው። ቅላታቸው ልክ እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ጥቂት ኦክስጅን ባለበት የሚኖሩትም በዚያ ምክንያት ነው። ረጅም የመተንፈሻ ጅራት ያለው ነጣ ያለ እጭ ካገኛችሁ ደግሞ ፍሳሹ ከባድ ነው። እሱ አየር የሚወስደው ጅራቱን ከውሃው በላይ አውጥቶ ነው። አልቅትና ቀንድ አውጣ መሃል ላይ ናቸው፤ ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባለሦስት ጅራቶቹ ብዙ ዝርያ አላቸው። ትንንሾቹና በውሃ ውስጥ ፈጥነው የሚዋኙት አንዳንዶቹ ቆሻሻ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ በብዛት ስታገኙ ለመደሰት አትቸኩሉ። የሚቆጠረው የዓይነቱ ብዛት ነው። ከእናንተ ቦታ በላይ፣ ከከተማው ቆሻሻ ነጻ የሆነ ጅረት ፈልጋችሁ እዚያም ድንጋይ ገልብጡ። ደሴ ከሆናችሁ ወደ ጦሳ ትንሽ ወጣ ማለት ይበቃል። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት የእናንተ የቤት ሥራ ነው። ነፍሳቱን አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ውሃው መልሷቸው።

ይህ ዘዴ የአንድ ቀን የኬሚካል ምርመራ የማያሳየውን ያሳያል። ሌሊት ተለቅቆ ጠዋት ያለፈን ፍሳሽ ጠርሙስ አይዘውም። ድንጋይ ሥር ሳምንታትና ወራት የኖረው ነፍሳት ግን ሰውነቱ ላይ አልፎበታል።

የሚገባውን መዝጋት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ይህን ዘልሎ የሚተከል ችግኝ ቆሻሻ ውሃ ዳር የቆመ ዛፍ ከመሆን አያልፍም።

ከደረቅ ቆሻሻው ጀምሩ፤ ውጤቱ ቶሎ ስለሚታይ የሰፈሩ ሰው ያምናችኋል። የጽዳት ዘመቻ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ዝናብ ሁሉንም መልሶ ያመጣዋል። ቆሻሻው በጎርፍ ዲቹ በኩል የሚመጣ ከሆነ ዲቹ ወንዙ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ከፌሮ የተበየደ መረብ አድርጉ። ከግርጌው አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፤ ውሃው እንዳይታገድ። በክረምት ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መጽዳት አለበት። የሚያጸዳው ሰው በስም ካልተመደበ አትሥሩት። የተዘጋ መረብ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይልከዋል።

ላቫጆና ጋራዥ ካለ ባለቤቱን በሰው ፊት አትውቀሱት፤ ብቻውን አነጋግሩት። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል እንዲያጠራቅም፣ የእጥበቱ ውሃ መጀመሪያ ሁለት ክፍል ባለው ጉድጓድ እንዲያልፍ ጠይቁት። ዘይት ይንሳፈፋል፣ ጭቃ ይሰምጣል። ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ቱቦ ከመሃል ላይ ከጠጣ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ።

ሽንት ቤት አስቸጋሪው ነው። ወንዙ ጫፍ ላይ የተሠራ ቤት ቱቦውን በቀጥታ ወደ ውሃው ቢያደርገው የሚገርም አይደለም፤ ቦታ የለውም። ጉድጓድ ሽንት ቤት ቢያንስ ከወንዝ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ያ በማይቻልበት ሰፈር አምስትና ስድስት አባወራ ተባብሮ የሚጠቀምበት፣ መጣጭ መኪና ሊደርስበት የሚችል የታሸገ ጉድጓድ ይሻላል። ይህ ገንዘብ ይፈልጋል። ቅሬው ብቻውን አይችለውምና ከከተማው ጋር የምትነጋገሩበት ዋናው አጀንዳ ይሁን።

የኩሽናና የልብስ እጥበት ውሃን ግን ራሳችሁ መያዝ ትችላላችሁ። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት። ጠጠር ሙሉበትና ፊላ ወይም ሸምበቆ ትከሉበት። ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 2 ካሬ ሜትር አስቡ። ውሃው ከመግባቱ በፊት ቅባት የሚቀርበት ትንሽ ገንዳ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠጠሩ በወራት ውስጥ ይደፈናል። መውጫው ቱቦ ውሃው ከጠጠሩ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ይገጠም። እንዲህ ከሆነ አይሸትም፣ ትንኝም አይራባበትም።

ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አታባርሩ። ቤታቸው ውሃ ቢኖር አይወርዱም ነበር። ውሃውን በሳፋ ቀድተው ከዳርቻው 20 ሜትር ርቀው የሚያጥቡበት፣ የተነጠፈና ወደ ሣር የሚፈስ ቦታ ሥሩላቸው። እንዴት ቢሆን እንደሚመቻቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ከመሥራታችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ቱቦው የፋብሪካ ከሆነ

ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። የፋብሪካ ፍሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። የቢራና የምግብ ፍሳሽ የሚበሰብስ ነገር የበዛበት ነው፤ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ከተቋረጠ ግን ወንዙ ቶሎ ያገግማል። ቆዳ ፋብሪካ ክሮም ይጠቀማል። ክሮም አይበሰብስም። ከደለል ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ተነስቶ ማሳ ይገባል። እንዲህ ያለውን በፊላና በቀጠማ እናጣራለን ማለት አያዋጣም። ምንጩ ላይ ነው መቆም ያለበት። ደለሉን ራሳችሁ ቆፍራችሁ አታውጡ፤ ከዚያ ውሃ የሚጠጣ ሰላጣና ቆስጣም ምርመራ ሳይደረግ አትመኑ።

ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳይጠበቅበት፣ በካይ ነው ባለው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እነዚህን ቀኖች ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው።

አቤቱታው በማስረጃ ይቁም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ከቱቦው በላይና በታች የተነሳ ፎቶ፣ ድንጋይ ገልብጣችሁ ያገኛችሁት ውጤት። ናሙና ስትወስዱ ንጹህ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ ሞልታችሁ ክደኑ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን አድርጋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱ። ሁልጊዜም ከቱቦው በላይና በታች ሁለት ናሙና ይሁን። ግቢ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ከጥበቃ ጋር አትጣሉ። ወንዙ ላይ ያለው ይበቃችኋል።

ጎርፉን ከላይ መያዝ

ዳርቻውን የሚንደው ውሃ የሚመጣው ከገደሉ ነው። ከእናንተ መቶ ሜትር በላይ ቦረቦር ካለ በታኅሣሥና በጥር፣ ደረቅ ሲሆን፣ የድንጋይ ክትር ሥሩበት። የክትር ሕጉ ጥቂት ነው፤ ግን አንዱ ከተረሳ ክትሩ ራሱ ቦረቦር ይፈጥራል።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ። ሁለቱም ጫፉ ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ ግማሽ ሜትር ይግባ። መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሃል እንጂ በጎን እንዳይሄድ። ከበታቹ ውሃው የሚወድቅበት ላይ ድንጋይ ይነጠፍ። ርቀቱ ደግሞ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር ትክክል እንዲሆን ነው። ይህን በጎማ ውሃ ልክ መለካት ይቻላል፤ ማንኛውም ግንበኛ አለው። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ አንድ ሜትር ቁመት ያላቸው ክትሮች በየ10 ሜትሩ ይመጣሉ። ከላይ ጀምራችሁ ወደታች ሥሩ።

ደሴ ላይ መሬት የሚንሸራተትበት ቦታ ብዙ ነው። መሬቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፎቹ አጋድለው ከቆሙ፣ ድንጋይ አትጫኑበት፣ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድም አትቆፍሩበት። ያ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ውስጥ አትሥሩ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ወጥቶ ጦሳ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ሳታዩት ይደርስባችኋል።

ዳርቻውን ማሰር

ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ላይ ምንም አይጸድቅም። ቦታ ካለ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ቁመት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ወደኋላ አጋድማችሁ ቁረጡት። ቦታ ከሌለ እግሩ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ከወንዙ ወለል በታች 30 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፤ አለዚያ ጎርፉ ከሥሩ ይቦረቡረዋል።

ከዚያ አኻያ። ወንዝ ዳር ከሚበቅለው ሁሉ የእኛ ሰፈር ባለውለታ እሱ ነው፤ ከቁራጭ ይበቅላል፣ ሥሩ አፈሩን እንደ መረብ ይይዛል። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ያኔ የትኛው ወደላይ እንደሆነ አይምታታም። እንቡጦቹ ወደላይ ማየት አለባቸው። ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልም። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። በድጅኖ ቀዳዳ አበጁና ሁለት ሦስተኛው እስኪቀበር አስገቡት። በመዶሻ ጭንቅላቱን አትምቱት፤ ከተሰነጠቀ ይበሰብሳል። ዙሪያውን በእግር ደህና አድርጋችሁ ርገጡ፤ አየር ያለበት ቀዳዳ ሥር አያወጣም። በመካከላቸው ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ተዉ፤ ረድፉን እያዛነፋችሁ።

ጊዜው ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ውሃው ጫፍ ላይ የሚተከል አኻያ ለሐምሌ መቆየት የለበትም። በበልግ፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ይተከል። በልጉ ቢዘገይ እንኳ የወንዙ እርጥበት ያኖረዋል። የነሐሴው ጎርፍ ሲመጣ ሥር ሰዶ ይጠብቀዋል። ሐምሌ ላይ የተተከለውን ግን ጎርፉ ገና ሥር ሳያወጣ ያገኘዋል።

ከአኻያው በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን በቃጫ ገመድ ጭን በሚያክል ውፍረት እሰሩና አግድም በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አስተኝታችሁ በችካል ያዟቸው። በመካከላቸው ሣር። ደሴ ላይ ዴሾ ሣር ይመቸዋል፤ ኮምቦልቻ ቬቲቨርም ይሆናል።

ዛፉ አሁን ነው

ድሮ ጎርፉ ይደርስበት ነበር ከተባላችሁበት ምልክት በላይ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ኮምቦልቻ ሾላ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ። ደሴ ወይራ፣ ቀርከሃ፣ ቀጋ። ቀጋው እሾህ ስላለው አጥርም ይሆናችኋል። ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር አትትከሉ፤ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ሣር አያስበቅልም።

«ዓሣ ብንለቅበትስ?» የሚል ይመጣል። አትልቀቁ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ለአጥማጁ እንጀራ ሆኗል፤ ሐይቁ ውስጥ የነበረው የኑሮ ሚዛን ግን ተቀይሯል። ውሃ ያጣራል ተብሎ እምቦጭ የሚያመጣ ካለ ደግሞ በር ላይ መልሱት። ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት

ከብት መከልከል ብቻውን አይሠራም። ከብቱ የሚጠጣበት አንድ ቦታ ምረጡና ድንጋይ አንጥፋችሁ መውረጃ ሥሩለት። የቀረውን ዝጉ። ቅሬው ደንብ ያውጣ፤ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይቻላል፣ ከብት መልቀቅ አይቻልም። መጀመሪያ የሚያጭዱት ደግሞ ወንዙ ዳር ያሉትና ከብታቸው የተከለከለባቸው ይሁኑ። ሣሩ ለእነሱ ካልደረሰ አጥሩ ከሁለት ወር በላይ አይቆምም።

የተቆፈረ አፈር ላይ ፓርቲኒየም የሚባለው አረም ፈጥኖ ይመጣል። ሳያብብ በጓንት ንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል። ከጎርፉ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ክትሮቹን አንድ በአንድ እዩ። የወደቀ ድንጋይ ያኔውኑ ይመለስ። የሞተ አኻያ በቀጣዩ በልግ ይተካ፤ ከራሳችሁ አኻያ መቁረጥ ትችላላችሁ።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ እዚያው ቦታ፣ እነዚያኑ ድንጋዮች ገልብጡ። የነፍሳቱን ዓይነት ቆጥራችሁ ጻፉ። ውሃው ከጠራ ግን ዓይነቱ ካልጨመረ ያልዘጋችሁት ቱቦ አለ፤ በማታና በማለዳ ውረዱና ፈልጉት። ዓይነቱ ከጨመረ ደብተሩን ይዛችሁ ከበታቻችሁ ላለው ሰፈር ቅሬ አሳዩ፤ የሚቀጥለው መቶ ሜትር የእነሱ ነው።

ጥር ላይ ከሆናችሁ የሚገባውን ከመዝጋት ጎን ለጎን ክትሩን ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ሐምሌ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ጎርፉ እስከየት እንደሚወጣ ምልክት አድርጉ፤ ዘንድሮ የሚያስፈልጋችሁ ሥራ ያ ነው።